ችግኙ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቧንቧውን አሳዩኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም፣ ፋብሪካዎች ለወፉ፣ ለዓሣው፣ ለንቡና ለአገር በቀሉ ዛፍ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣውን ሁሉ ለማስተናገድ ገጹ ስለማይበቃ አምስቱን መርጫለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት የፋብሪካ ፍሳሽ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ስለሆነ፣ መልሶቼ ትንሽ ቢሸቱ አትፍረዱብኝ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሞጆ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቆዳ ፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩት በቅርቡ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ለዘንድሮ ክረምት ‹የብዝኃ ሕይወት በጀት› አስይዘው፣ በርካታ ሺህ ችግኝ፣ ካናቴራና ኮፍያ እንድገዛ አዘውኛል። ችግኙ የሚተከለው ከፋብሪካው ርቆ በሚገኝ ተራራ ላይ ነው። የፍሳሽ ማጣሪያችን ደግሞ ግማሹ አይሠራም። ገንዘቡን በምን ላይ ባውለው ይሻላል? አለቃዬንስ ምን ብዬ ላሳምናቸው?»
— ስሜ ይቆይ፣ ከሞጆ

ልጄ፣ ካናቴራውን ተዪው።

ችግኝ መትከል ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን ሐምሌ ላይ ፎቶ ተነስቶለት ጥር ላይ የሚያጠጣው ያጣ ችግኝ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከፍየል የተረፈውን ፀሐይ ይጨርሰዋል። ደግሞስ ፋብሪካችሁ በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተራራው ላይ አይደለም፤ ቧንቧው ጫፍ ላይ ነው። የሞጆ ወንዝ ውሃ መድረሻው ቆቃ ሐይቅ ነው። ቆቃ ላይ ዓሣ አስጋሪ አለ፣ የውሃ ወፍ አለ፤ ከግድቡ በታች ደግሞ አዋሽን ተከትሎ የሚኖር ሰውና ከብት አለ። ስለዚህ በጀቱን ያዢና ጥሬ ቆዳው ከሚራገፍበት በር ተነስተሽ ውሃውን ተከትለሽ ውረጂ።

ጥሬ ቆዳ የሚመጣው በጨው ታሽቶ ነው። ጨው አንዴ ውሃ ውስጥ ከሟሟ በተለመደው ማጣሪያ አይወጣም፤ ባክቴሪያ አይበላውም፣ ከታች አይዘቅጥም፣ እንዳለ ወንዝ ይገባል። መፍትሔው ግን የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው፦ ቆዳው ከመዘፍዘፉ በፊት በእንጨት ርብራብ ላይ እያራገፉ ጨዉን በደረቁ መሰብሰብ። ርብራብ፣ አካፋና የሁለት ሠራተኛ ክንድ ይበቃል። ይህ ሲሠራ ባየሁበት ፋብሪካ፣ ከርብራቡ ሥር የሚጠረገውን ነጭ ክምር አይተው የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀሩ «ይህ ሁሉ ወንዝ ነበር የሚገባው?» ብለው ጠይቀውኛል።

ቀጥሎ ፀጉር ማርገፊያው ነው። ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ፀጉሩን እንደ ቀጠነ ገንፎ ያደርጉታል። ያ የሟሟ ፀጉር ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች ሊያብላሉት ይረባረቡና በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ተመርዞ ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነው። ፀጉሩን ሳያሟሙ ከነሥሩ አላቅቆ በወንፊት የሚያስወጣ አሠራር ከተለመደ ቆይቷል። የተለየው ፀጉር ይበሰብሳል፣ ማዳበሪያ ይሆናል፤ የፍሳሹም ሸክም በእጅጉ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቅደም፦ ሰልፋይድ ያለበት ውሃና አሲድነት ያለው የክሮም (የቆዳ ማልፊያው ኬሚካል) ውሃ በአንድ ቦይ እንዳይገናኙ። ሲገናኙ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል፣ ጉድጓድ ሊጠርግ የገባ ሠራተኛን በደቂቃ ይገድላል። ቦዮቻችሁ ካልተለያዩ የበጀቱ የመጀመሪያ ብር የሚውለው እዚህ ነው፤ ስለ ወፍና ስለ ዛፍ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

አለቃሽን የምታሳምኚበት ቦታ ክሮሙ ነው። ክሮም ከውጭ በዶላር ይገባል። በተለመደው አሠራር ወደሚሽከረከረው በርሜል ከሚጨመረው ክሮም ቆዳው የሚይዘው ከመቶ 60 እስከ 70 ያህሉን ነው፤ የቀረው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ማለትም አገሪቱ ስንት ወረፋ ተጠብቆ ባገኘችው የውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ ሲሶው ወንዝ ይጠጣዋል። ያንን ውሃ ለብቻው ሰብስቦ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ቢጨመርበት ክሮሙ ከሥር ይዘቅጣል፤ በላዩ ያለው ውሃ ይቀዳል፤ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ተመልሶ ይሟሟና ከአዲሱ ክሮም ጋር ተደባልቆ ለሚቀጥለው ዙር ይሠራል። አዲስ ምርምር አይደለም፣ በብዙ አገር የቆየ ሥራ ነው። ለሥራ አስኪያጁ «ብዝኃ ሕይወት» ብለሽ አትጀምሪ። ባለፈው ዓመት የተገዛውን ክሮም ደረሰኝ ይዘሽ ግቢ፣ ሲሶውን በብር አስልተሽ ከወረቀቱ ግርጌ ጻፊው፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።

ከዝቃጩና ከፍቅፋቂው የተረፈውን ግቢ ውስጥ ክፍት ቦታ ላይ እንዳያቃጥሉት አደራ። ለቆዳ የሚውለው የክሮም ዓይነት ከኖራ ጋር ሆኖ ሲቃጠል ካንሰር አምጪ ወደሆነው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ አመዱ ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ ወንዝ ነው የሚገባው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለውጡን የምትለኪው በላቦራቶሪ ቁጥር ብቻ መሆን የለበትም። ተራ የወጥ ቤት ወንፊት፣ ነጭ ሳፋና ቦቲ ጫማ ግዢ። ከፋብሪካው ቧንቧ በላይ ካለው የወንዝ ክፍል አንድ ቦታ፣ ከቧንቧው በታች ሌላ ቦታ ምረጪ። ድንጋዩን በእግርሽ እያንቀሳቀስሽ ከድንጋዩ በታች በኩል ወንፊቱን ደቅኚ፤ የያዘውን ሳፋው ውስጥ አፍስሺው። ውሃው ጤነኛ ከሆነ በጅራታቸው ሦስት ቀጫጭን ክር ያላቸው፣ ድንጋይ ላይ ልጥፍ የሚሉ ዕጮች ታያለሽ። ኦክስጅን ያጠረው ውሃ ከሆነ ግን የምታገኚው ደም የመሰለ ቀይ ትል ብቻ ነው፤ እሱ በቆሻሻ ውስጥ መኖር ያውቅበታል። ሁለቱን ሳፋ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ሥራ አስኪያጁን ጥሪያቸው። የላቦራቶሪ ሰንጠረዥ አሳይቼ ያልተንቀሳቀሰ ሰው በዚህ ሳፋ ሲደነግጥ አይቻለሁ። ይህንኑ በየወቅቱ እየደገምሽ ብትመዘግቢ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ፋብሪካው በተፈጥሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ የሚናገር የራሱ መዝገብ ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሞንትሪያል ላይ በጸደቀው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ 15ኛው ግብ ትልልቅ ድርጅቶች በብዝኃ ሕይወት ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ እየገመገሙ እንዲያሳውቁ ይላል። ቆዳ ገዢዎቻችሁ ዛሬ ባይጠይቁ ነገ ይጠይቃሉ።

ሕግ ካስፈለገሽ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለልሽ። እኔ ግን አንቺን ብሆን አዋጁን በቦርሳዬ እይዛለሁ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አልዘረጋውም፤ ደረሰኙ ይበልጥ ይናገራል።

ዋጋ ያስወጣል ይሉሽ ይሆናል። ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለምርት የሚጠቀም፣ ወደ ውጭ ፈሳሽ የማይለቅ ሥርዓት ተደርጎለት ነው የተሠራው። ምክንያቱም ቦታው አያዋጣም፦ የሐዋሳ ሐይቅ ከምድር በላይ መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል የገባ የጨርቅ ማቅለሚያ እዚያው ይቀራል። ቆሮሶውም አምባዛውም፣ ዓሣ ገበያው ላይ ቆመው ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎችም ሐይቁን የሚጋሩት ከከተማው ሰው ጋር ነው። እንዲህ ያለውን ማጣሪያ ማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ለእናንተ ፋብሪካ ብቻውንም አይቻል ይሆናል። ጨው መጥረግ ግን ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ከተረፈሽ አዎ፣ ዛፍ ትከዪ። ተራራው ላይ ሳይሆን ወንዙ ዳር፣ ቁጥሩ አነስ ብሎ የሚያጠጣው ሰው ስሙ ታውቆ፦ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ግራር። ሾላ ሲያፈራ ወፍ ራሱ ይመጣል።

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። ደብረ ብርሃን ላይ የካርቶን ማሸጊያ ፋብሪካ አለኝ። ከግቢው ግማሹ ባዶ መሬት ነው። ልጆቼ ባሕር ዛፍ እንትከልበት ይላሉ፤ አትክልተኛው ደግሞ ከውጭ የመጣ ሣርና ዘንባባ እናድርግበት ይላል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ወፍ እወዳለሁ።»
— አንድ አዛውንት፣ ከደብረ ብርሃን

ጌታዬ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ሥራዬን አቀለለችልኝ።

ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶና ማገር ሆኖ ያገለገለን ባለውለታ ነው፤ አልሰድበውም። ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ብዙም አያበቅልም፣ ከተተከለበት ረግረግ ውሃውን ይመጥጣል። ዘንባባው በእርስዎ ውርጭ ምን እንደሚሆን አትክልተኛው ራሱ ያውቀዋል፤ ሌላ ሥራ እንዳያጣ ሰግቶ ይሆናል።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ለዚያ ብርድ የተፈጠሩት ጽድ፣ ኮሶና ወይራ ናቸው። ከኮሶው አንድ ጠባይ ልንገርዎት፦ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ሁለት ኮሶ ብቻ ተክለው ሁለቱም ወንድ ቢሆኑ ዘር የለም። ችግኝ ላይ ስለማይለዩ ሰብሰብ አድርገው በርከት ያሉ ይትከሉ፤ ሲያብቡ ቀላ ያለውን ትልልቅ ዘለላ የምታወጣው ሴቷ ናት። ወይራው ይዘገያል። እርስዎ ጥላው ሥር ላይቀመጡ ይችላሉ፤ ፍሬውን የሚለቅሙት ወፎች ግን ዘሩን አጥር አሻግረው ይዘሩልዎታል። ከዛፎቹ ሥር ቀጋና እንቧጮ በራሳቸው ሲመጡ «ቁጥቋጦ ነው» ተብለው እንዳይመነጠሩ። ለትንንሽ ወፎች ከጭልፊት መደበቂያ እነሱ ናቸው።

ሣሩን በተመለከተ አትክልተኛዎ የማይወደውን ልናገር ነው። ከግቢው አንዱን ጥግ ለይተው፣ ከክረምት መግቢያ እስከ ኅዳር ድረስ ማጭድ እንዳይነካው ይከልክሉ። አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል እንጂ ከሥር የሚያቆጠቁጥ አይደለም። መስከረም ላይ አብቦ ዘሩ ሳይደርቅ ከታጨደ ለሚቀጥለው ዓመት አይኖርም። ብዙ ግቢዎች «አደይ ጠፋ» የሚሉት በገዛ ማጭዳቸው ነው። ዘሩ ከረገፈ በኋላ ይጨዱና ድርቆሹን ለጎረቤት ገበሬ ይስጡት።

የጣሪያዎን ውሃ በቦይ አድርገው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሰብስቡት፣ ጠርዙ ተዳፋት ይሁን እንጂ በሲሚንቶ ቀጥ ብሎ አይቁም። እንዲህ ካለ ኩሬ እንቁራሪትም ሽመላም አይጠፋም። ዕድለኛ ከሆኑ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ክንፉ ሰማያዊ ዝይ ሊያርፍበት ይችላል፤ የእርስዎ አካባቢ አገሩ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ የሚያበራ ነጭ መብራት ካለዎት፣ ወደ ታች ብቻ በሚያይና ቢጫነት ባለው ይለውጡት፤ የሌሊት በራሪ ነፍሳት ነጩን ሲዞሩ አድረው ደክመው ይሞታሉ። ለካርቶኑ ብለው የአይጥ መርዝ የሚበትኑ ከሆነም ይተዉት። የተመረዘች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ስትንገዳገድ ጉጉት ይበላታል፣ ቀጥሎ የሚሞተው አይጥ ሲያጠፋልዎት የኖረው ጉጉት ነው። ቀዳዳ መድፈንና ወጥመድ ይሻላል።

«ወይዘሮ፣ ዓምድዎን አነባለሁ፤ ነገር ግን ይህ ርዕስ አስቆጥቶኛል። ሥራ አጥ ወጣት በሞላበት አገር ፋብሪካ ስለ እንቁራሪትና ስለ ሣር ይጨነቅ ማለት የፈረንጅ ቅንጦት ነው። መጀመሪያ እንብላ።»
— ከአዲስ አበባ

መጀመሪያ እንብላ ማለትዎ ትክክል ነው። እንግዲያው ስለ መብላት እንነጋገር።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ ወደ ነበረው አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በዳርቻቸው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይመረታል፤ የሚጠጣው የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የተደባለቀበትን ውሃ ነው። ያ ጎመን ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኔና ወደ እርስዎ ገበታ ነው። እንቁራሪቷ ከወንዙ የጠፋችው ከእኛ ቀድማ ስለቀመሰችው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሰው መብት ያደረገው ለፈረንጅ ብሎ አይመስለኝም።

ስለ ገብስ ደግሞ ልንገርዎት። ካሊፎርኒያ ውስጥ የገብስ ማሳ በቫይረስ ቢጫ እየሆነ ሲቀጭጭ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያገኙት ከኢትዮጵያ በሄደ የገብስ ዘር ውስጥ ነው። ያንን በሽታ የመቋቋም ባሕርይ ያቆየው የደጋ ገበሬ ነው፤ በአንድ ማሳ ላይ ነጩንም ጥቁሩንም፣ ሰነፍ ቆሎውንም ሌላውንም እየዘራ። ብዝኃ ሕይወት የሚሉት እንግዲህ ይህ ነው። አሁን የብቅል ፋብሪካ ተነስቶ «የምገዛው ይህን አንድ ዝርያ ብቻ ነው» ሲል፣ ገበሬው ሌላውን ይተዋል። በገበሬው አልፈርድም፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ፋብሪካው ግን ከሚያስፈርመው ውል ላይ ገበሬው ከማሳው ጥቂቱን በነባሩ ዘር እንዲዘራ ማበረታቻ ቢያስገባ፣ ያንንም ለቆሎና ለበሶ አዘጋጅ ቢያገናኝ ምን ይጎድልበታል? እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንካችን ናሙናውን በብርድ ክፍል ያቆያል፤ ዘር ከበሽታና ከድርቅ ጋር እየታገለ የሚለወጠው ግን ማሳ ላይ ነው።

ስለ ሥራም ካነሱ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ወስኗል። ተግባራዊነቱ ቢራዘምም ሕጉ አልተሻረም። ቡና አበጥረውና አሽገው የሚልኩ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩት እነዚያው እርስዎ የሚቆረቆሩላቸው ወጣቶች ናቸው። ቁጣዎን ግን ወድጄዋለሁ፤ ደግመው ይጻፉልኝ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቦንጋ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ማር አጣርተን የምናሽግበት አነስተኛ ድርጅት ከፍተናል። በማሸጊያችን ላይ ‹ደን የሚጠብቅ ማር› ብለን ልንጽፍ አስበናል። ይህን ለማለት ምን ማድረግ አለብን?»
— ወጣት የማር ነጋዴዎች፣ ከቦንጋ

ልጆቼ፣ ሳትጽፉት መጠየቃችሁ አስደስቶኛል። አብዛኛው ሰው ቀድሞ ይጽፋል።

ከፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥብቅ ሥፍራው ምንም የማይነካበት እምብርት አለው፤ በዙሪያው ደግሞ ሰው ደኑን ሳያጠፋ የሚጠቀምበት ክልል አለ። ማር የምትገዙት ከየትኛው ቀፎ፣ ከየትኛው ክልል እንደሆነ ካላወቃችሁ ያ ጽሑፍ ጌጥ ነው። የመጀመሪያ ሥራችሁ የአቅራቢዎቻችሁን ቀፎዎች በእግር ሄዶ ማየትና መመዝገብ ነው።

ስትሄዱ ሦስት ነገር ታያላችሁ። አንደኛው የጌተም ዛፍ ነው፤ ያ ነጭ ማራችሁ የሚመጣው ከእሱ አበባ ነው። ጌተም ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው መሬት ላይ ሳይሆን በሌላ ትልቅ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ስለዚህ «ጌተም እንተክላለን» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ጌተም እንዲኖር የሚሸከመው አሮጌ ዛፍ መኖር አለበት። አሮጌውን ዛፍ ደግሞ ማንም አይተክለውም፣ አለመቁረጥ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው የቅርፊት ቀፎ ነው። ባህላዊውን ቀፎ ለመሥራት የዛፍ ቅርፊት ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ይሞታል፤ ከሸምበቆና ከቀርከሃ የተሠራ ቀፎ ወይም ዘመናዊ ሣጥን እንዲተካው እናንተ በብድር ማቅረብ ትችላላችሁ። ሦስተኛው በደኑ ዳር ያለው የበቆሎ ማሳ ነው። የተባይ መድኃኒት በአበባ ሰዓትና በጠዋት ሲረጭ ንቡ ይመታል። ማታ ንቡ ቀፎ ሲገባ እንዲረጭ ከገበሬው ጋር መስማማት ይቻላል፤ ወጪ የለውም፣ ጥቂት ቡና መጠጣት ግን ይጠይቃል።

ከዚያ ዋጋውን ለዩት። አሮጌ ዛፉን ላልነካ፣ ቅርፊት ላልላጠ አቅራቢ በኪሎ ከገበያው ከፍ አድርጋችሁ ክፈሉ፤ ልዩነቱን ደረሰኙ ላይ ለብቻው ጻፉት፤ ለምን እንደሚከፈለው በግልጽ ይወቀው። ይህን አንድ ሙሉ የማር ወቅት ከሠራችሁ በኋላ ማሸጊያው ላይ ጻፉ፤ ያኔም «ደን የሚጠብቅ» ከሚለው ይልቅ «ለአሮጌ ዛፍ ዋጋ የምንከፍልበት ማር» የሚለው ይሻለኛል፤ ገዢው መጥቶ ደረሰኙን ቢጠይቃችሁ የምታሳዩት አላችሁ።

«የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ነኝ። ጣሪያው ሥር የሌሊት ወፍ ሰፍሯል። አለቃዬ በጭስ ጨርሱት ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ ኃጢአት መሰለኝ። ምን ላድርግ?»
— ከአዳማ

ኃጢአቱን ለንስሐ አባትዎ ልተወው፤ ሥራው ግን ስህተት ነው። ጣሪያ ሥር የሚሰፍሩት አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች የሚበሉት ነፍሳትን ነው፤ ከእነዚያም ውስጥ እህላችሁን የሚያነቅዙት የእሳት እራቶች ይገኙበታል። በሌላ በኩል የምግብ መጋዘን ውስጥ ኩሳቸው ሊወድቅ አይገባም፤ አለቃዎ እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ስለዚህ ይውጡ፣ ግን በሕይወት።

በጭስ ከተሞከረ ገሚሶቹ በየስንጥቁ ገብተው ይሞታሉ፣ ሽታው ለወራት ይቀራል። ይልቅ አመሻሽ ላይ ውጭ ቆመው በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጡ ይለዩ። ግልገል ካለ መብረር እስኪችል ይጠብቁ፤ ቀን ላይ ቀጭን የጫጫታ ድምፅ ከሰሙ ግልገል አለ ማለት ነው። ከዚያ በቀዳዳው ላይ ከላይ ብቻ የተያዘ፣ ከታች የተለቀቀ መረብ ይስቀሉ፤ ሲወጡ ገፍተውት ይወጣሉ፣ ሲመለሱ መግቢያ ያጣሉ። ሳምንት ያህል ቆይተው አንድም እንደማይወጣ ሲያረጋግጡ በሲሚንቶ ይድፈኑት። ከመጋዘኑ ራቅ ባለው የጥበቃ ቤት ግድግዳ ላይ ከታቹ ጠባብ ክፍተት ያለው፣ ውስጡ ያልተላገ የእንጨት ሣጥን ከፍ አድርገው ይስቀሉላቸው፤ ማደሪያ ሲያጡ ሊገቡበት ይችላሉ። የቀረውን ኩስ ሲጠርጉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ አቧራው እንዳይነሳ ቀድመው ውሃ ያርከፍክፉበት። ኩሱን አይጣሉት፤ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፣ አንዱ አትክልት አብቃይ ጎረቤት ጆንያ ይዞ ይመጣል።